ከጉድጓዱ እስከ ግንቡ

እኔ ሁጌት ካስታኛክ፣ የቬርዴራክ መንደር ትምህርት ቤት የቀድሞ መምህርት፣ ዛሬ ሰኞ ኦክቶበር 11 ቀን 2004 እ.ኤ.አ. ጠዋት በመኝታ ቤቴ መስኮት አጠገብ ተቀምጬ ይህን ኑዛዜ በቃሌ አስጽፋለሁ። እግሮቼ አይታዘዙኝም፤ ዓይኔም ከመስኮቱ ወዲያ ያለውን አይለይም። አእምሮዬ ግን ሙሉ ነው። ውል አዋዋዩ አቶ ቫንሳን ሬይ ይህን ሊያረጋግጡ ዕለቱን ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ከዚያም የጻፉት የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር እጅግ ስለረዘመ ለሁለት እንዲከፍሉት አድርጌያለሁ።

ምስክሮቼ በርሜል ሠሪው ኤሎዋ ዳርኬና ዳቦ ጋጋሪዋ ወይዘሮ ዠርሜን ሉፕያክ ናቸው። ዠርሜን ተማሪዬ ነበረች፤ ዛሬም ፊቴ ስትቀመጥ ጀርባዋን ታቀናለች። በዚህ ክፍል የተባለው እንደተባለ እንዲጻፍ ፈቅጃለሁ።

አንደኛ። መጻሕፍቴና የግድግዳ ካርታዎቼ ለመንደሩ ትምህርት ቤት ይሰጡ። የድንበሮቹ መስመር አርጅቷል፤ ወንዞቹ ግን ዛሬም በቦታቸው ስለሆኑ ለወንዝ ይጠቀሙባቸው።

ሁለተኛ። ዕዳ የለብኝም። ከኤሎዋ የተዋስኩት መሰላል በመጋዘኑ በር ጀርባ ስላለ ይመለስለት። ኤሎዋ፣ «መሰላል እንዳለኝም ረስቼ ነበር፤ ስንት ዓመት ወንበር ላይ ወጥቼ ጣሪያ ስጠግን ኖርኩ» ብሏል። ለዠርሜን የመዳብ ድስቶቼን ልናዘዝላት ነበር፤ ውል አዋዋዩ ምስክር ሊወርስ አይችልም ስላሉኝ ትናንት በእጇ ሰጥቻታለሁ።

ሦስተኛ። ይህ ዋናው ነው፤ ቀስ ብለው ይጻፉ።

ትልቁ ቤት፣ የወይን ጠጅ መጥመቂያውና ሰፊው እርሻ ከወንድሜ ከኦክታቭ ለልጆቹ ለማቲልድና ለሬሚ ተላልፏል። የእኔ የሆነው ከቤቱ ጀርባ ያለው አሮጌው ማሳ ነው። የወይን ረድፎቹ በምሥራቅ ከውሃው ጉድጓድ ተነሥተው በምዕራብ እስከ ግንቡ ድረስ ይዘልቃሉ። አያቴ በደነገጉት መሠረት የቬርዴራክ ስም የሚለጠፈው ከዚህ ማሳ ፍሬ በተጠመቀ ነጭ ወይን ጠጅ ላይ ብቻ ነው። ማሳው ከተበላሸ ስሙም አብሮ ያበቃል።

ወይኑ የሚለቀምበትን ቀን የሚወስኑ ሁልጊዜ ሁለት ቀማሾች ናቸው። አንዱ ከጉድጓዱ፣ ሌላው ከግንቡ ይነሣል፤ እየቀመሱ ሄደው መሃል ይገናኛሉ። ካልተስማሙ በዚያ ቀን ቅርጫት አይነሣም። እኔና ኦክታቭ ዕድሜያችንን የኖርነው እንዲህ ነው። አንዳንድ ዓመት መሃል ላይ ተከራክረን ምሳ ያልፈን ነበር፤ ግን ሳንገናኝ የተመለስንበት ቀን የለም።

ኦክታቭ በሞተ በዓመቱ ጭጋጉ ዘገየ። ማቲልድ ጠብቀን ጣፋጩን ወይን ጠጅ እንሥራ አለች፤ ጭጋግ ካልመጣ ፍሬው ላይ ያ መልካም ሻጋታ አይወርድም፣ ፍሬውም ተጨማድዶ አይጣፍጥም። ሬሚ ዝናብ ፈራ። እሷ ለዘመድ ልጅ ክርስትና ቦርዶ ከተማ በሄደችበት ቅዳሜ ለቃሚዎቹን ይዞ ከግንቡ በኩል ጀመረ። ስትመለስ መሃል ደርሷል። እዚያው ረድፉ ውስጥ ምን እንደተባባሉ ሁሉም ለቃሚ ሰምቷል፤ እኔ አልደግመውም። ሬሚ ቅርጫቱን አስቀምጦ ወጣ፤ ከለቀመውም ጣፋጭ ያልሆነ ነጭ ወይን ጠጅ ሠራ። ዝናቡ መጣ። ከዝናቡ በኋላ ጭጋጉና ፀሐዩም መጡ፤ ማቲልድም ከቀረው ጥቂት ጣፋጭ አገኘች። ከዚያ ወዲህ በአንድ ማዕድ አልተቀመጡም። እሱ የእሷን «ማርማላታ» ይለዋል፤ እሷ የእሱን «የሰላጣ ኮምጣጤ» ትለዋለች። አንዳቸውም የሌላውን አልቀመሱም። እኔ ሁለቱንም ቀምሻለሁ። ሁለቱም ጥሩ ነው።

ስለዚህ አሮጌውን ማሳ እንዲህ አካፍላለሁ፦ የእያንዳንዱ ረድፍ የጉድጓዱ በኩል ግማሽ ለማቲልድ፣ የግንቡ በኩል ግማሽ ለሬሚ ይሁን። መሃል ላይ አጥር ማቆም፣ መንገድ ማውጣት ወይም አንድ ግንድ መንቀል ክልክል ነው።

እዚህ ላይ አቶ ሬይ ብዕራቸውን አስቀምጠው፣ «መምህርት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ረድፎቹን በቁመታቸው ብንከፍል አይሻልም? ይህኛውን እሷ፣ ያኛውን እሱ፤ እንዲህ ከሆነ ግን ትራክተር ረድፉ መሃል ላይ ሊዞር አይችልም» አሉኝ።

«አውቃለሁ» አልኳቸው። «ይጻፉት።»

ያለፈው እሑድ ለሁለቱም በየተራ ነግሬያቸዋለሁ። ሬሚ ቆሞ ሰማኝና፣ «አክስቴ፣ ይሄ እኮ እብደት ነው። ለማረስ የሷን ፈቃድ ልጠይቅ ነው?» አለ። ማቲልድ ከሰዓት በኋላ መጥታ ቃል ሳትለውጥ ያንኑ ደገመችው። ይህን ያህል ከተስማሙ ተስፋ አለ ብዬ ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ።

አራተኛ። የዚያ የጠቡ ዓመት ጠርሙሶች በጓዳዬ በሁለት መደርደሪያ ተቀምጠዋል። ሬሚ የሠራው ለማቲልድ፣ ማቲልድ የሠራችው ለሬሚ ይሰጥ። ለእንግዳ አይቅረብ፣ አይሸጥ፤ ይጠጡት። ስለ ወይን ጠጁ የሚሉትን ሁሉ ከዚያ በኋላ ይበሉ።

አምስተኛ። በቀብሬ ዕለት ረጅም ንግግር አይደረግ። ለመጡት ጣፋጩ ነጭ ወይን ጠጅ ከሮክፎር አይብ ጋር ይቅረብ። ቀዝቀዝ ይበል እንጂ በረዶ ውስጥ አይነከር፤ መዓዛው ይሞታል። ኤሎዋ፣ «ሁለት ብርጭቆ ከደገምኩ ንግግሩን እኔ ማድረጌ አይቀርም» ብሎ አስጠንቅቋል። እንዲያጥር ተስማምተናል።

ስድስተኛ፣ ለሁለቱ ልጆቼ፤ ሌላ ልጅ የለኝምና እንዲህ ልበላችሁ። ማቲልድ፣ መጠበቅ ታውቂያለሽ፤ መጠበቅ ግን የሌላውን ሥጋት መናቅ አይደለም። ሬሚ፣ ሥጋትህ ትክክል ነበር፤ ሰው በሌለበት መጀመርህ ግን ትክክል አልነበረም። ከእናንተ አንዳችሁም ብቻችሁን ይህን ወይን ጠጅ ልትሠሩ አትችሉም። እኔም አልቻልኩም፤ ኦክታቭም አልቻለም። በሕይወቴ ደስ ብሎኛል፤ ከደስታዬም ብዙው የመጣው ረድፉ መሃል ላይ ቆሜ ስከራከር ነው።

ማሳው እስካለሁ ድረስ የእኔ ስለሆነ፣ ዘንድሮ ሁለቱ ካልቀመሱ አንድ ዘለላ አይለቀምም ብያለሁ። ዛሬ ጠዋት ጭጋጉ ሲገፈፍ ይገናኙ ዘንድ አዝዣለሁ። ይምጡ አይምጡ አላውቅም።

ውል አዋዋዩ ይህን ሁሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡልኝ። ያልኩት ነው፤ የተጨመረም የተቀነሰም የለም። ብዕሩን ሲያቀርቡልኝ ግን አልተቀበልኩም። ዠርሜን ማሳው ወደሚታይበት መስኮት እንድትሄድ አደረግኩ።

«ማን ይታይሻል?»

«ማቲልድ ጉድጓዱ ጋ ናት፣ መምህርት። ሬሚም ግንቡ ጋ አለ። ጀርባውን ሰጥቷል።»

«ይነጋገራሉ?»

«የለም። እሷ ፍሬ አፏ ውስጥ አስገባች። አሁን ዞረ… እሱም እየቀመሰ ነው። አንዱን ተፋው።»

«ይትፋ፤ ያልደረሰ ይሆናል። ይሄዳሉ ወይስ ቆመዋል?»

ዠርሜን ግንባሯን መስተዋቱ ላይ አስደገፈች። ኤሎዋም ተነሥቶ ከጎኗ ቆመ።

«ይሄዳሉ» አለች።

«ወዴት?»

«ወደ መሃል።»

«እንግዲያው ብዕሩን ስጡኝ» አልኩ፤ ፈረምኩም።

ተናዛዥ፦ ሁጌት ካስታኛክ (ፊርማ)
ምስክር፦ ኤሎዋ ዳርኬ (ፊርማ)
ምስክር፦ ዠርሜን ሉፕያክ (መስኮቱ አጠገብ ቆማ የፈረመችው ፊርማ)
ውል አዋዋይ፦ ቫንሳን ሬይ (ፊርማና ማኅተም)