ጋሽ ቆይና ያለ እጃቸው የቆመው ሞተር

ሰፈርተኛው፣ የሥራ ባልደረባው፣ የገዛ ቤተሰባቸውም ሳይቀር «ጋሽ ቆይ» የሚላቸው ወንድማችን ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ የእንጨት ብናኝና የክር ቁርጥራጭ በማይጠፋባት ባለ ሁለት ክፍል ቤት፣ ጥር 12 ቀን 1955 ዓ.ም. ተወለዱ። ከሦስት ልጆች የመጀመሪያው ነበሩ። ስሙ የወጣላቸው በልጅነታቸው ነው፤ እናታቸው «እራት ቅረብ» ሲሏቸው «ቆይ»፣ አባታቸው «መዶሻዬን መልስ» ሲሏቸው «ቆይ»። የፈቱትን ነገር መልሰው ሳይገጥሙ ከተቀመጡበት አይነሱም ነበር።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው ተወልደው ባደጉበት ሰፈር ፈጽመው፣ በ1975 ዓ.ም. ከሙያ ትምህርት ቤት በኤሌክትሪክ ሥራ ተመረቁ። በዓመቱ በአንድ ሆስፒታል የጄኔሬተር ጠጋኝ ሆነው ተቀጠሩና፣ እስከ ጡረታቸው ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ከዚያች ዘይት ዘይት ከምትል ክፍል አልተለዩም። መብራት ሲጠፋ ሌላው ጣሪያ ጣሪያውን ያያል፤ እርሳቸው ሰዓታቸውን ያያሉ። ጨለማው ከዘጠኝ ሰከንድ ካለፈ የዚያን ቀን ምሳ አይወርድላቸውም። አዲስ የተቀጠረ ሁሉ ሞተሩን ለማስነሳት ሲጣደፍ፣ «ቆይ፤ መጀመሪያ ማጥፊያውን አሳየኝ» ይሉት ነበር።

በ1983 ዓ.ም. በዚያው ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ይሠሩ የነበሩትን ባለቤታቸውን አግብተው፣ ዛሬ ነርስ የሆነችውን አንዲት ሴት ልጃቸውን ወለዱ።

በ2015 ዓ.ም. ጡረታ እንደወጡ፣ አንድ የቀድሞ ባልደረባቸው የተወላቸው ሞዴል ሄሊኮፕተር ቤት ገባ። ቁመቱ ከአንድ ሜትር ተኩል ይበልጣል። ሲያዩት መጫወቻ ይመስላል፤ ሆዱ ውስጥ ያለው ግን እንደ ትልቁ አውሮፕላን ነዳጅ እያቃጠለ የሚያፏጭ የምር ተርባይን ነው። የጎደለው አንጎሉ ነበር፤ ነዳጁን የምትመጥን፣ ሙቀቱንና ፍጥነቱን የምትጠብቅ፣ የክብሪት ቀፎ የምታክል ኤሌክትሮኒክ ሣጥን። እሷን ገጥመው ሞተሩን ሊያስነሱ ቆረጡ።

ባለቤታቸው «እሺ፣ ይግባ» አሉ። «ግን የሰው እጅ ቢቆርጥ ወየውልህ! አንተ ዘወር ስትል ማን ሊያዘው ነው?»

«ቆይ፣ ያለ እኔም መቆም አስተምረዋለሁ» ብለው ቃል ገቡላቸው።

ሁለት ዓመት በዚህ ቃል ላይ አለቀ። የአሠራር መመሪያውን መዝገበ ቃላት አጠገባቸው አድርገው እያንዳንዱን መስመር አነበቡት። ሣጥኗን እንዳትንቀጠቀጥ በስፖንጅ ጠቅልለው ከሙቀቱ ራቅ አድርገው አሰሯት። ሙቀት የምትለካውን ቀጭን ሽቦ ከጭስ መውጫው ገጠሙ። በነዳጁ ቱቦ ውስጥ አንዲት የአየር አረፋ ካዩ ሥራው እንደገና ነው።

የሪሞቱን መቀበያ ያሰናዳላቸው የባለቤታቸው ታናሽ ወንድም፣ ሬዲዮ ጠጋኙ ነው። እሱም ሪሞቱ ቢጠፋ ሞተሩ በመጨረሻው ትእዛዝ እንዲቀጥል አድርጎ አስተካክሎት ነበር። ጋሽ ቆይ ይህን ሲያዩ ሁሉን ፈተው ሀ ብለው ጀመሩ። «ጋሼ፣ ገና ሳይነሳ አጠፋፉን ሦስት ወር?» ብሎ ሳቀባቸው። «ልጅ ሳይወለድ ጡረታውን ማስከበር እኮ ነው!» እርሳቸውም አብረው ሳቁ። ሲያበቁ «እጄ ባይኖርስ?» አሉት። ሣጥኗ ከሪሞቱ ምልክት ካጣች ሁለት ሰከንድ ጠብቃ ነዳጁን እንድትዘጋ አደረጓት፤ ሪሞቱን እያጠፉ ሃያ ጊዜ ፈተኗት።

ባለፈው ቅዳሜ ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ከቤታቸው ጀርባ ባለው የብረት ጠረጴዛ ላይ ሄሊኮፕተሩን ጠፍረው አስነሱት። ባለቤታቸው እሳት ማጥፊያ ታቅፈው፣ ልጃቸው ጆሮዋን ይዛ በሩ ላይ ቆመዋል። ሞተሩ አፏጨ፤ ክንፉ ዞረ። የዚያን ዕለት ጋሽ ቆይ «ቆይ» አላሉም፤ እንደ ልጅ ይስቁ ነበር። ፍጥነቱን ዝቅ አድርገው የሙቀቱን ቁጥር ሊያነቡ ተጠጉ፤ ሁለት እርምጃ ሲቀራቸው ወደቁ። አንድ ቀን ራሴን አመመኝ ያላሉ ሰው! ያን ጠረጴዛ በማለዳ ብቻቸውን ገፍተው ያወጡ ሰው! እስካሁን ማመን አቅቶናል።

ሪሞቱ ድንጋይ ላይ ወድቆ ባትሪው ተነቀለ። እናትና ልጅ ክንፍ አለ የለም አላሉም፤ እየጮኹ ሮጡ። ሲደርሱ ክንፉ ቆሞ ነበር።

ልጃቸው ደረታቸውን እየተጫነች ሳለ፣ ሞተሩ እንደታዘዘው፣ ክንፉን ሳያዞር፣ ውስጡን ብቻ በቀስታ እያሽከረከረ ራሱን ሲያቀዘቅዝ ይሰማ ነበር። ቀዝቅዞ ዝም ሲል እሷም እጇን አነሳች። ሐኪሙ ልባቸው በድንገት መቆሟን ነገረን። ስድሳ ሁለት ዓመታቸው ነበር።

ባለቤታቸው፣ ልጃቸውና ሁለት ታናናሾቻቸው በሕይወት አሉ። ሬዲዮ ጠጋኙ ያን የተሰነጠቀ ሪሞት እንደያዘ «እኔ እንዳልኩት ትተውት ቢሆን ኖሮ» ይላል፤ አይጨርሰውም። ባለቤታቸው ግን ይህ ሲጻፍ አንድ ነገር ብቻ አዘዙን፦ «ቃሉን ጠብቋል በሉልኝ።» ብለናል።

ማንንም እንዳይጎዱ ሲጠነቀቁ ለኖሩት ወንድማችን አምላክ የዕረፍት ቦታቸውን ያዘጋጅላቸው፤ በድንጋጤ ለቀረነውም ትንፋሻችንን ይመልስልን።