አብዱልሃዲን ቀሚስ ላስለበሱልን ኃላፊ

ለተከበሩ የከተማችን የመድረክ ጉዳዮች ኃላፊ፣
ጅማ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና፣ ዕድሜዎም እንደ ስብሰባዎ የረዘመ ይሁን እላለሁ። እኔ በበቾ ቦሬ ቀበሌ የቴአትር ክበብ የማሠለጥን ጡረተኛ መምህር ነኝ። ደክሞኛል፤ ነገር ግን ውለታ በልቶ መሞት ነውር ስለሆነ ይህን ጻፍኩ።

እንደሚያስታውሱት፣ የጃፓን ቡና ገዢዎች በመጡ ጊዜ የአገራቸውን የጥንት ቴአትር ታሪክ በአጭሩ እንድናሳያቸው አዘዙን። እኛም ጥቂት አንብበን፣ የጎደለውን በራሳችን ጨውና በርበሬ ሞላነው። ታሪኩ በእኛ አቀራረብ እንዲህ ነው፦ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት አንዲት የቤተ መቅደስ አገልጋይ በደረቀ ወንዝ አሸዋ ላይ የወንድ ልብስ ለብሳ፣ ሰይፍ ታጥቃ፣ ሻይ ቤት ገብቶ ሴት የሚያባብል ጎረምሳ መስላ ጨፈረች። አገሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ሌሎች ሴቶችም ተከተሏት፤ መጋረጃው ሲወርድ የአንዳንዶቹ መቀነትም አብሮ ይወርድ ነበርና ባለሰይፎቹ ተመልካቾች በወረፋ ምክንያት ተሞሻለቁ። መንግሥት የተሞሻለቁትን ትቶ ሴቶቹን ከመድረክ አባረረ። ቦታቸውን ጎልማሳ ወንዶች ዱቄት ተቀብተው ያዙት፤ ባለሰይፎቹም ሳያፍሩ ለእነዚህኞቹ መሞሻለቅ ጀመሩ።

የወንዝ ዳሯን ሴት የምትጫወተው በመጋዘን ቡና ለቃሚዋ ረይሃና ነበረች። ለቃሚ ሴቶች እጃቸው ቡና ሲለይ አፋቸው በባሎቻቸው ላይ የሚያወርደውን ተረብ ሁሉ መድረክ ላይ ያመጣችልን እሷ ናት። እርስዎ ልምምዱን አይተው፣ ሴት ልጅ እንዲህ ያለ ባለጌ ነገር በእንግዳ ፊት አትጫወትም ብለው አወረዷት። ስለዚህ ምስጋናዬ እነሆ።

፩ኛ) እኛ ልንተርከው ያሰብነውን ታሪክ እርስዎ ራስዎ ስለኖሩልን። የጃፓን መንግሥት ያን ውሳኔ እስኪወስን ዓመታት ፈጅቶበታል፤ እርስዎ ሻይዎን ሳይጨርሱ ወሰኑት።

፪ኛ) ሴት በመከልከልዎ ጆንያ ተሸካሚውን አብዱልሃዲን ሴት እንድናደርግ ስላበቁን። ተንከባክቦ ያሳደገውን ጢሙን ላጨን፣ ፊቱን በፉርኖ ዱቄት ለቀለቅን፣ ደረቱን በጨርቅ ሞላን። ግራ ጡቱ በጭፈራው መካከል ወደ ወገቡ ቢወርድም እንግዶቹ የእኛ አገር ወግ መስሏቸው አጨበጨቡ።

፫ኛ) ለሽልማትዎ። ዘግይተው ሲመጡ፣ ትእዛዝዎን ጥሰን ሌላ ሴት ያወጣን መስሎዎት መቆጣት ሲገባዎ፣ ዘለው መድረክ ላይ ወጡና ግንባሯ ላይ ብር ለጠፉላት። ብሩ በዱቄቱ ምክንያት አልጣበቅ ሲል በመዳፍዎ ደግፈው ይዘው እስከ ጭፈራው ማብቂያ አብረው ተውረገረጉ። አብዱልሃዲ ከመድረክ ሲወርድ «ጋሼ፣ ወላሂ ሰውየው ዳሌዬን ቆነጠጡኝ! ሁለተኛ ቀሚስ አለብስም!» አለኝ። በጥበብ ፍቅር ነው ብዬ አጽናናሁት።

አሁን ቅዳሜ አሰንዳቦ ላይ እንድንጫወት ፈቅደዋል፤ ግን ያችው የሸለሟት ተዋናይት ትቅረብ፣ ረይሃና እንዳትታይ ብለዋል። ረይሃና አሁን መድረኩ ጥግ ተቀምጣ የአብዱልሃዲን ቀሚስ ትጠቅማለች። ትናንት መርፌዋን አስቀምጣ «ቆይ ግን ጋሼ፣ እኔ ምን አጠፋሁ?» ብላ ጠየቀችኝ። እርስዎን ስቄ አልፍዎታለሁ፤ ይህን ጥያቄ ግን ማለፍ አቃተኝ። ልጅቷን መድረኳ ላይ ይመልሱልኝ።

ከታላቅ አክብሮትና ከዚያ ከሚበልጥ ድካም ጋር፣ ቆሞ ለማጨብጨብ ጉልበት ያነሰው ታዛዥዎ፣
ከፈለ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከትርዒቱ በኋላ ያችን የሸለሟትን ተዋናይት በጆሮዋ ስልኳን ሲጠይቋት፣ አብዱልሃዲ ደንግጦ በቃሉ የሚያውቀውን አንድ ቁጥር ሰጥቶዎታል፤ የእኔን ነው። «ወለላዬ» እያሉ የሚልኩልኝን መልእክት ሁሉ አንብቤያለሁ፤ ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ እንዲህ ብሎ የጠራኝ የለም። የረይሃናን ፈቃድ በዚያው ስልክ ይላኩልኝ። ካልላኩ ግን የቀጠሩኝ ሆቴል ድረስ ቀሚሱን ለብሼ እመጣለሁ።