ሦስት ቀሪ

ጥቅምት 18፣ ሰኞ
ዛሬም ቤተ ሙከራ አልገባሁም። ጋውኔን ለብሼ እስከ በሩ ሄድኩ... ተመለስኩ። ሦስተኛ ቀሪዬ ነው። አራት የሞላው ፈተና አይቀመጥም። የሁለተኛ ዓመት የፋርማሲ ተማሪ ነኝ ብዬ ጋውን ለብሼ ኮሪደር እለካለሁ። ደግሞ ሲያምርብኝ!

ከሰዓት እማዬ ደወለች። "ትምህርት እንዴት ነው?" "አሪፍ ነው።" ውሸት ሲለመድ እንዲህ ይቀላል?

ጥቅምት 19
ተነቃብኝ። አብራኝ ዶርም የምትኖረው የሕግ ተማሪ፣ ወፍጮ ነው የምንላት፣ አፏ አያርፍም።
"አንቺ፣ ጋውንሽ ቤተ ሙከራ ውሎ አንድ ጠብታ እንኳ ሳይነካው የሚመለሰው እንዴት ነው?"
ነገርኳት። ከሦስት ሳምንት በፊት እጄ ተንቀጥቅጦ የመስታወት ቱቦ መሰባበሬን። አስተማሪው "በዚህ እጅሽ ቀምመሽማ... በሽተኛውን እግዜር ይሁነው!" ማለቱን። ክፍሉ በሳቅ መፍረሱን። ከዚያ ወዲህ በሩን ሳየው ልቤ ድም ድም ማለቱን።
ወፍጮ ዝም ብላ ሰማች። ዝም ብላ! ከዚያ፣ "የተማሪዎች አማካሪዋ ጋ እንሂድ።"
"አብዳለች ይሉኛል።"
"ጥርስሽን ሲያምሽ ሐኪም ጋ ሄደሽ አልነበር? ምን አሉሽ?"


ጥቅምት 20
ሄድኩ። ማለት... ተወሰድኩ። ቢሮው ከልብስ ማጠቢያው በላይ ነው፤ ወለሉ ይነዝራል። አማካሪዋ ጠና ያሉ ሴት ናቸው። ምክር ስጠብቅ "ምሳ በልተሻል?" አሉኝ። አልበላሁም። ከመሳቢያቸው ብስኩት አወጡ። አለቀስኩ... በብስኩት!
"አይዞሽ የኔ ልጅ፣ እሱ እንኳ ያን ያህል አያስለቅስም።"
ልቅሶዬ ሳቅ ሆነ። "ፍርሃቱ እስኪሄድ አንጠብቅም፣ ይዘነው እንገባለን" አሉ። ቤተ ሙከራው ቅዳሜ ባዶውን እንዲከፈትልኝ ደወሉ።
"ለአስተማሪሽ እኔ ልንገረው?"
"ራሴ እነግረዋለሁ።" ማነው የተናገረው? እኔ?

ጥቅምት 21
አልነገርኩትም። ከሩቅ አየሁትና በሌላ ደረጃ ወረድኩ።

ጥቅምት 23፣ ቅዳሜ
የቤተ ሙከራው ቴክኒሻን ለኔና ለወፍጮ ከፈቱልን። ቃላቸው ሁሉ "ቀስ!" ስለሆነ ጋሼ ቀስ ነው ስማቸው። ውኃ ብቻ ሰጡኝ። እጄ ተንቀጠቀጠ። "ይንቀጥቀጥ። ክርንሽን ጠረጴዛው ላይ አሳርፊው፣ አየር ላይ ማንም እጅ አይረጋም።" ለካ! አስር ጊዜ ወደ ቱቦው ቀዳሁ። አንድም አልሰበርኩም። የሰበረችው ወፍጮ ናት፤ ምን ልትነካ ወሰዳት? "ቀስ!" ያሉት ከተሰበረ በኋላ ነው። ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅኩ። መቼ ነበር እንዲህ የሳቅኩት?

ጥቅምት 25፣ ሰኞ
ከክፍል በፊት አስተማሪው ቢሮ ገባሁ። "ያን ቀን ያሉኝ ነገር... ከዚያ በኋላ መግባት አቃተኝ።"
መነጽሩን አወለቀ። "ለጨዋታ ነበር። ግን ልክ አልነበረም። ይቅርታ።" ቀጠለና፣ "ቀሪዎቹን ግን አልሰርዝም።"
"አይሰርዙ። ልገባ ነው የመጣሁት።"
ገባሁ። ልቤ ድም ድም። ክርኔን አሳረፍኩ... እጄ ግን እንቢ። ጎኔ ያለውን ልጅ "እጄ እስኪረጋ ቱቦውን ያዝልኝ" አልኩት።
ያዘልኝ። "ቀጥሎ የኔን ትይዣለሽ። የኔም እጅ አይረጋም።"
ሁለታችንም! ወር ሙሉ የፈራሁት ይሄን ነው?

ማምሻውን ለእማዬ ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት። "ድምፅሽ ደስ አላለኝም ነበር እኮ፣ እንዳልነዘንዝሽ ብዬ ነው" አለች። "ከዛሬ ጀምሮ ነዝንዢኝ" አልኳት። ምነው ባላልኩ! አራቴ ደወለች።

ኅዳር 18
ፈተናው ዛሬ ነበር። ተቀመጥኩ። ሦስተኛውን ጥያቄ ስላላወቅኩት ዘለልኩት፤ ሰማዩ አልተደፋም።
ከፈተናው ወደ አማካሪዋ፣ ረቡዕ ረቡዕ ቀጠሮዬ ነው። በራቸው ላይ ከክፍላችን አንደኛ የሚወጣው ልጅ ተቀምጧል፣ ፊቱን በመጽሐፍ ጋርዶ።
"ገልብጠህ ነው የያዝከው" አልኩት።
ጆሮው ቀላ። ሊነሳ ሲል፣ "ተራው የኔ ነው፣ አንተ ቅደም" አልኩትና አጠገቡ ተቀመጥኩ።