ጋኑን ያኖርሁበት ዳር

ኅዳር ፱ ቀን፣ ማክሰኞ።

ከባድ ወሬ ልጽፍ ነው፤ ዛሬ የአጎቴ ደቦ ሊፈርስ ነበር። ነገ ጭፍራ በማሳው ጥግ በሚያልፈው በገሳይ መንገድ ስለሚያልፍ፣ በቅሎዎቻቸው ሳይግጡት ስንዴው ዛሬ መታጨድ አለበት። እኔም «አጎቴ፣ አጫጁ ዳር ሲደርስ ባዶውን አይመለስ፤ እንደ እርሻ በሬ ዞሮ እያጨደ ይውረድ» ብዬ መከርኋቸው። አጫጆቹ እንዲፈጥኑም የጠላውን ጋን ላይኛው ዳር አኖርሁ። እያጨዱ በረው ወጡ፤ የሚወርድ ግን ጠፋ።

«አንተ ቀጣፊ፣ ሰዉን ጋን ሥር ተከልህብኝ» አሉ አጎቴ።

ታችኛው ዳር ሌላ ጋን በቅጠል ከድኜ፣ «ጠጁ እዚህ ነው» ብዬ ተጣራሁ። እየተሽቀዳደሙ አጭደው ወረዱ። ሲከፍቱት የምንጭ ውኃ ነው። አባረሩኝ፤ ስንዴው ግን አልቋል። አጎቴ ሳቃቸውን በጋቢ ሸፈኑ።

እውነቱን ልጻፍና፣ ማሳው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አይሰፋም፤ ያለ እኔ ብልሃትም እስከ ምሳ ባለቀ ነበር።