የበረንዳው «ይነሳ»

ለምወድሽ እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ ተሻለሽ? አክስቴስ ደህና ናት? እዚያ ደካ ብርዱ አላስቸገራችሁም? እኔ ተመስገን ጤናዬ ደህና ነው፤ ልቤ ግን አርፎ አልቀመጥ ብሏል። ሦስት ጊዜ ደውዬ ስለ ጉልበትሽ ብቻ አውርቼ የዘጋሁትም ለዚሁ ነው። ጎረቤታችን የሺሃረግ ነገ ወደዚያ ስለምትመጣ ይህን በእሷ ላክሁልሽ።

ያን የኮንትራት ሥራዬን ታውቂው የለ፣ የቦንጋን ሰው ቤቱና መንገዱ እንዴት ይሁን እያልኩ የምጠይቅበትን? ምነው እጄን በቆረጠው! ልብስ ሰፊው ጋሽ ገብረሚካኤል ጎርፉ በረንዳቸው ላይ ወጥቶ የስፌት ሲንጀራቸውን ሊወስድባቸው እንደነበር ነገሩኝና በረንዳው ይነሳ አሉ። ከፍ ይበል ማለታቸው ነው። ጎረቤቱም ያንኑ። እኔም ቅጹ ላይ «ይነሳ» ብዬ ጻፍኩ፤ አማርኛ አይደል? ቢሮ ያሉት ግን ይፍረስ ብለው ቆጠሩት። ባለፈው ሳምንት የሰፈሩ አዲስ ንድፍ ሲለጠፍ፣ ሰው ከዝናብ የሚጠለልበት አንድ በረንዳ የለም፤ የቤቱ ፊት ሁሉ መስታወት ብቻ። ጋሽ ገብረሚካኤል በረንዳዬን ምን በላው ሲሉ፣ እኔ ከሰው ኋላ ተሸሸግኩ።

ለአለቃዬ ለኢንጂነር ኢያሱ ጥፋቴን ነገርኳቸው። ተቆጡ፤ ግን እስከ ዓርብ ሁሉንም እንደገና ጠይቀሽ አስፈርሚ አሉኝ። አርባ አንድ ቤት! በጭቃው ስንከላወስ ሰነበትኩ። አንዳንዱ ሰደበኝ፣ እትዬ ዙፋን ትምህርትሽ የት ገባ ብለው ሳቁብኝ። ሁለት ሰዎች የእውነትም ይፍረስ አሉ፤ ሌላው ሁሉ ከፍ ይበል ብሎ ፈረመ።

የቀረው የኛ ቤት ነው። ያን ቀን በስልክ ስጠይቅሽ አንቺም ይነሳ ነበር ያልሽኝ። ራሴ ልሞላልሽ እስክሪብቶ ካነሳሁ በኋላ እጄ እምቢ አለኝ። ድምፅሽ ስለ ጎርፍ የሚያወራ ሰው ድምፅ አልነበረም። አባባ ያን ጠዋት እዚያው በረንዳ ላይ ወድቆ ከቀረ ወዲህ በፊት በር ወጥተሽ አታውቂም፤ ገበያ እንኳ በጓሮ ዞረሽ ነበር የምትሄጂው። እኔ ሞኟ ልብ ያልኩት ገና አሁን ነው። ጉልበቴን ብለሽ ደካ ከሄድሽም ይኸው አምስት ወር ሆነሽ።

እማዬ፣ የቱን ነው ያልሽው? የሺሃረግ ሐሙስ ስትመለስ መልሱን በእሷ ላኪልኝ። የፈለግሽውን እጽፋለሁ፣ አልከፋም። ብቻ አደራሽን፣ «ይነሳ» አትበዪኝ።

ፈጣሪ ጉልበትሽን ያጽናልኝ፣ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ።

በየትኛውም በር ብትመጪ የምትቀበልሽ
ልጅሽ