ወንዱ አራስ

መካነ ሰላም፣ የካቲት 11

ለማከብርዎ አማቴ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ከዚያ ሁሉ መንገድ በኋላ ጉልበትዎን አላመመዎትም? እኛ ሦስታችንም ደህና ነን፤ ሦስት ማለቴን ልብ ይበሉልኝ።

ስልኩን ስለሚዘጉብኝ ጻፍኩ። ብቻዎን ሆነው ያንብቡት።

ባለፈው ሰኞ ከወረኢሉ ድረስ መጥተው የሆስፒታሉን ክፍል ሲከፍቱ፣ ሸሚዜን አውልቄ አራስ ልጃችንን ባዶ ደረቴ ላይ አስሬ አገኙኝ። ነጠላዎን ፊትዎ ላይ ጣል አድርገው በመጡበት አውቶቡስ ተመለሱ። አማች አማቱ ፊት ገላውን አይገልጥም፤ ወንድም አራስ ቤት አይውልም። አውቃለሁ። ለነውሩ ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ፤ ለሥራው ግን አልጠይቅም።

ብርሀንነሽ «እናቴን አባረርካት!» ብላ ስፌቷ እስኪያማት ሳቀች። ገበያ ላይ አጠገቤ እህል የምትሸጠው ፈይዛ ደግሞ ልትጠይቀን መጥታ፣ «ወንዱ አራስ፣ ገንፎ ላምጣልህ?» ብላ ሄዳ ገበያውን ሁሉ አሳቀችብኝ። በማግስቱ እውነትም አመጣች። በላሁት።

እንደሚያውቁት ልጅቷ ያለጊዜዋ ነው የመጣችው፤ አንድ ኪሎ ከስድስት መቶ ግራም ሆና። ነርሷ ጸደንያ እንዳስረዳችኝ፣ እንዲህ ያለ ሕፃን አንጎሉ ማህፀን ውስጥ ያልጨረሰውን እድገት የሚቀጥለው ውጭ ነው። ገላ ለገላ ሲታቀፍ ሙቀቱ ይጠበቃል፣ ትንፋሹ ይስተካከላል፣ እንቅልፉ ይረጋል፤ አንጎሉም የሚጎለብተው በዚያ እንቅልፍ ነው አለችኝ። እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ሳላይ አልገዛም። ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ፦ ተጠቅልላ ብቻዋን በተኛችበት ቀን ትንፋሿ አራት ጊዜ ቆም አለ፤ ደረቴ ላይ በዋለችበት ቀን አንድም ጊዜ። ዛሬ የእናቷን ድምፅ ስትሰማ ዓይኗን ገለጠች።

የብርሀንነሽ ቁስል ገና ስላልጠገገ ብዙ ልትታቀፋት አልቻለችም። እኔም ብቻዬን ቀንና ሌት አልዘልቅም። አያትም ትችላለች ብላለች ጸደንያ። ቅቤውን ለልጅዎ ያምጡላት፤ ወደ ሕፃኗ አፍ ግን አይገባም፤ ይህን አስቀድሜ ልንገርዎ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። የዛሬ ሦስት ዓመት ወንዱን ልጃችንን በጥጥ ጠቅልለው ሁለት ቀን ብቻዎን ሲታገሉለት እኔ አጅባር ገበያ በግ እገዛ ነበር። በለቅሶው ላይ ሰው ሲያማኝ «መልእክቱ አልደረሰውም» ብለው የተሟገቱልኝ እርስዎ ነዎት። የዚያን ሳምንት ማስታወሻዬን ትናንት ገልጬ አየሁት። «መልእክት ደረሰኝ፦ ማክሰኞ» ይላል። ቤት የገባሁት ሐሙስ መሆኑን እርስዎም ያስታውሳሉ።

ስለዚህ ይምጡና ተራዬን ይቀበሉኝ። ሲደርሱ ሸሚዜን ለብሼ በሩ ላይ እቆማለሁ። ገበያ አልሄድም።

ዕድሜዎን ያርዝምልን፤ ደጅዎን ሰላም ያድርገው፤ እግርዎንም ወደ እኛ ያቅናልን።

የልጅ ልጅዎ አባት