ለባቡሯ የተቀመጥነው ለቅሶ

ለምወድሽ እናቴ፣

የጌታ ሰላም ቤትሽን ይሙላው። ጉልበትሽ እንዴት ከረመ? ዝናቡስ ለእንሰቱ ደረሰለት? እኔ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ፤ የጆሃንስበርግ ብርድ ብቻ አጥንት ድረስ ይገባል።

እዚሁ ከተማ ጀፕ ገበያ ያለው ወንድሜ አጵሎስ እንደ ልማዱ ወሬውን ቀድሞኝ አድርሶልሻል። ባቡሩ ቆሟል፣ ሱቋ ጾሟን ልታድር ነው ብሎሻል አሉ። አንቺም ዘግተሽ ነይ፣ እዚያ ማን አለሽ ብለሽ ላክሽብኝ። እስቲ ከእኔ አፍ ስሚው።

ሱቄ ያለችው ክሊፕታውን የሚባል ሰፈር ጠርዝ ላይ ነው። ከዋናው ሃዲድ ተገንጥሎ ዱቄት ፋብሪካው ግቢ የሚገባ አጭር መስመር በአጠገቧ ያልፋል። አንዲት አሮጌ ባቡር በቆሎ የጫኑ ፉርጎዎች እየጎተተች ትገባ ነበር፤ ደንበኞቼም የእሷው ሠራተኞች ነበሩ። ኋላ ፋብሪካው ፊቱን ወደ ከባድ መኪና አዞረ። ሌባም ሃዲዱን እየነቀለ ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ሸጠው። ባቡሯ እየሰነበተች ብቅ ማለት ጀመረች።

አንድ ጠዋት ሱቄን ስከፍት ሠራተኞቹ በሙሉ ፋብሪካው በር ላይ መሬት ተቀምጠዋል። ኮፍያቸውን አውልቀዋል። ሹፌሩ ባባ ኩማሎ አንገታቸውን ደፍተዋል። የሆሳዕና ልጅ ይህን አይታ ሌላ ምን ትላለች? ሰው ሞቶባቸዋል አልኩ። ሱቄን ዘግቼ በቆሎና ባቄላ ጣድኩ። ንፍሮው እስኪበስል ንቅንቅ አላሉም። ነጠላዬን ዘቅዝቄ ለብሼ፣ ንፍሮውን በሳፋ ይዤ ሄድኩና አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። ማልቀስም ጀምሬ ነበር፤ አትሳቂብኝ።

ባባ ኩማሎ ምነው ልጄ፣ ማን ሞተብሽ አሉኝ። እናንተን ላስተዛዝን ነው የመጣሁት አልኳቸው። እርስ በርስ ተያዩ። የሞተ ሰው የለም፣ መስመሩ ዛሬ ተዘጋ፣ ባቡሯንም ሊወስዷት ነው አሉኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ተነሥቼ ልሄድ ስል ፉርጎ የሚያያይዘው ቴምባ ሳፋውን ተቀበለኝና ንፍሮውን ቀምሶ፣ ይኼማ የእኛ ኢዚንኮቤ ነው አለ። ባባ ኩማሎም ቁጭ በይ፣ አልተሳሳትሽም፣ እንዴት እንደሚለቀስላት ያላወቅነው እኛ ነን አሉ።

ከዚያማ የሟች ታሪክ ወጣ። በጭጋግ እንዴት እንደነዷት፣ በእነሱ እጅ አንድ ፉርጎ እንኳ ከሃዲድ ወጥቶ እንደማያውቅ፣ የሰፈሩ ገንፎ ሁሉ በእነሱ በኩል እንዳለፈ ደረታቸውን ነፍተው አወሩ። እኔም አብሬ ኮራሁ። ለካ የእኔም ሟች ኖራለች።

ብዙም ሳይቆይ የውጭ ሰው ይውጣልን የሚሉ ጎረምሶች ሱቅ ሊዘርፉ ሰፈሩን አመሱት። እነዚያ ሥራ አጥ የሆኑ የባቡሯ ሰዎች መጥተው በሬ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። ዱላ እንኳ አልያዙም። ባባ ኩማሎ ይህች ልጅ ሙታችንን ያስቀበረችን ናት፣ መግባት ከፈለጋችሁ እኛን ረግጣችሁ እለፉ አሏቸው። የረገጠ የለም። እማ፣ እንዲህ የተባለላት ያንቺ ልጅ ናት፤ ገበያ ስትወጪ ቀና ብለሽ ሂጂ።

አልዋሽሽም፣ ሽያጩ ቀዝቅዟል። ግን አልዘጋም። ቴምባ ሥራ ፈትቻለሁ እያለ በየቀኑ ይመጣል፣ ከጀፕ ዕቃ የሚያመጣልኝም እሱ ነው። ንፍሮ መቀቀልም ለምዷል፤ ጨው ግን ያበዛል።

ጌታ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፣ ዓይንሽን ለደስታ ያቆይልኝ። ሰሞኑን በቪዲዮ ይደወልልሻል። ባባ ኩማሎና የባቡር ጓደኞቻቸው ናቸው፣ የላካቸውም ቴምባ ነው፤ አጵሎስ ያስተረጉምላቸዋል። የሥራ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ በእኛ ወግ ቆመው ነው የሚያናግሩሽ፤ ካልፈቀድሽ አንቀመጥም ብለዋል። ባባ ኩማሎን እግራቸውን ያማቸዋልና፣ እባክሽ እማዬ፣ ቶሎ ቁጭ በሉ በያቸው።

ልጅሽ